የኑሮ እርካታና የስደት ምኞት፤ ከሐርጌሳ ወጣቶች ኑሮ የተወሰደ ትምህርት



ስለ ስደት በሚነገርበት ጊዜ ሁሉ ቶሎ ከአፍ የሚወጣ አንድ መልስ አለ። ይኸውም «ሰው የሚሰደደው ድኻ ስለ ሆነ ነው» የሚለው ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። ሰውን ከአገሩ የሚያስወጣው ድኽነት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከሁሉ አስቀድመው መንገድ የሚጀምሩት ከሁሉ የባሱት ድኾች በሆኑ ነበር። የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ የተለየ ነው። ከአንድ ሰፈር ውስጥ ምንም የሌለው ይቀርና፣ የሚበላው ያላጣ፣ ትምህርቱን የጨረሰ፣ ዘመዶቹም ሱቅ የከፈቱለት ልጅ ተነሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ምክንያቱን የሚፈልግ ሰው የኪስን ገንዘብ ከመቍጠር አልፎ ሌላ ነገር መመርመር ይኖርበታል። ያም ነገር ሰው ስለ ገዛ ኑሮው በልቡ የሚሰጠው ፍርድ ነው።

ይህ ፍርድ በዚህ ንግግር ውስጥ «የኑሮ እርካታ» ተብሎ ይጠራል። የኑሮ እርካታ ማለት ሰው ዛሬ የሳቀው ሳቅ ወይም ትናንት ያዘነው ኀዘን አይደለም፤ ሳቅና ኀዘን እንደ ዝናብና ፀሓይ ይፈራረቃሉና። እርካታ ሰው ኑሮውን በሙሉ በፊቱ አስቀምጦ፣ «እስካሁን የደረስሁበት ይበቃኛልን? ወደ ፊትስ የተሻለ ይጠብቀኛልን?» ብሎ ራሱን ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ነው። ይህን መልስ በቍጥር ለመያዝ፣ ሃድሊ ካንትሪል የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቀላል ዘዴ አቀረበ። (በዚህ ንግግር ውስጥ የሚነሡት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ተጠያቂው አንድ መሰላል እንዲያስብ ይደረጋል። በመሰላሉ ሥር 0፣ በጫፉ 10 ተጽፎበታል። 10 ለእርሱ ሊሆንለት ከሚችለው ኑሮ ሁሉ የተሻለው ነው፤ 0 ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ከዚያም ሁለት ነገር ይጠየቃል። ዛሬ በየትኛው እርከን ላይ ቆመሃል? ከአምስት ዓመት በኋላስ በየትኛው እርከን ላይ የምትቆም ይመስልሃል? ስለ ስደት ለሚመረምር ሰው ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይልቅ እንደሚጠቅም ወደ ኋላ ይታያል።

አሁን ይህን መሰላል ይዞ ወደ ሐርጌሳ መሄድ ይገባል። ሐርጌሳ የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ናት፤ ከጅጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበሩን የተሻገረ መንገደኛ የሚደርስባት የመጀመሪያዪቱ ትልቅ ከተማ እርስዋ ናት። ከተማዪቱ ያየችውን መከራ የምሥራቅ ኢትዮጵያ ሰው በሚገባ ያውቀዋል። በ1988 በሶማሊያ መንግሥትና በሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መካከል ጦርነቱ በበረታ ጊዜ፣ ከከተማዪቱ ከገዛ አውሮፕላን ማረፊያዋ የተነሡ የጦር አውሮፕላኖች መልሰው ከተማዪቱን ደበደቧት። ሕዝቡም በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። በሐርቲሼክ የተከፈተው የስደተኞች ሰፈር ከ250,000 የሚበልጥ ሰው እስኪይዝ ድረስ በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ ትልቁ የነበረበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ በግንቦት ወር 1991 ሶማሌላንድ ነጻነትዋን አወጀች፤ በ1993 ሽማግሎች በቦረማ ተሰብስበው የሰላምንና የመንግሥትን ሥርዐት ተስማሙ፤ ስደተኛውም ቀስ በቀስ ወደ ፍርስራሹ ተመለሰ። የሐርቲሼክ ሰፈር በ2004 ተዘጋ። የወደቀ አንድ የሚግ አውሮፕላን ዛሬ በሐርጌሳ መካከል መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል።

የዚህ ታሪክ ትርጕም ለነገሩ መሠረት ነውና ልብ ሊባል ይገባዋል። አባቶች ከሐርጌሳ የወጡት ቦምብ ሲወርድባቸው ነው፤ የተመለሱትም ሰላም በወረደ ጊዜ ነው። ልጆቻቸው ግን ቦምብ በሌለበት፣ ገበያው በተከፈተበት፣ ትምህርት ቤቱና ዩኒቨርሲቲው በቆመበት ዘመን ይሄዳሉ። የአሙድ ዩኒቨርሲቲ በ1998፣ የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ሥራ ጀመሩ። አስቀድሞ ከፍተኛ ትምህርት ያልነበረበት አገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ሺሕ ተመራቂ አፈራ። ታዲያ ኑሮ ከተሻሻለ በኋላ ልጁ የሚሄደው ስለ ምንድን ነው? አባት ይህን ጥያቄ በእውነት ሊረዳው አይችልም፤ እርሱ የሚያስተያየው ዛሬን ከ1988 ጋር ነውና። ልጁ 1988ን አላየም፤ የሚያስተያየው ዛሬን ከሌላ ነገር ጋር ነው።

የመሰላሉም ቍጥር ይህንኑ ግራ ያጋባል። በ2016 የታተመው የዓለም የደስታ ዘገባ የተሰበሰበውን መልስ አማካይ ሲያወጣ፣ የሶማሌላንድ ሰዎች ኑሮአቸውን ከ5 ጥቂት ከፍ ባለ እርከን ላይ አስቀምጠውት ነበር። በዚያው ዘገባ የኢትዮጵያ አማካይ 4.5 ያህል፣ በአንደኛነት የተቀመጠችው የዴንማርክ ደግሞ 7.5 ያህል ነበረ። እንግዲህ በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ብዙ መንግሥታት ያላወቋት፣ በድርቅና በሥራ ማጣት የምትፈተን ይህች አገር ከጎረቤቶችዋ ሁሉ በታች አልነበረችም። ይሁን እንጂ ወጣቶችዋ በልጅነታቸው ሰሃራንና የሜዲቴራኒያንን ባሕር ለመሻገር የሚነሡት በዚያው ዘመን ነበር። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት፣ የአገር አማካይ እርካታ ስለ አንድ ልጅ ልብ ብዙ አይናገርም የሚል ነው። አማካዩን ያወጡት እረኛውም፣ ነጋዴውም፣ ሽማግሌውም፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂውም ተደምረው ነው፤ የሚሄደው ግን ከነዚህ ሁሉ አንዱ ነው።

ሶማሌዎች ይህን ጕዞ ታህሪብ ይሉታል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በድብቅ ማሻገር ማለት ነው። ኒሞ ኢልሃን ዓሊ የተባሉት ተመራማሪ ስለ ሶማሌላንድ ታህሪብ ያደረጉትን ጥናት ሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩት በ2016 አሳትሞታል። መንገዱ ብዙ ጊዜ ከሐርጌሳ ተነሥቶ በኢትዮጵያ በኩል ወደ ሱዳን፣ ከሱዳን ወደ ሊቢያ፣ ከሊቢያም በባሕር ወደ ኢጣልያ ነበር። ልጁ ለወላጆቹ ሳይናገር ይወጣል። ደላላው አስቀድሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ «አሁን ሂድ፣ በኋላ ትከፍላለህ» ይለዋል። ይህ ቃል ለድኻው ልጅ ቸርነት ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ወጥመድ ነው። ሊቢያ ሲደርስ ሶማሌዎች መጋፌ ብለው በሚጠሩት ሰው እጅ ይወድቃል። መጋፌ ማለት የማይስት ማለት ነው። እርሱም ልጁን አስሮና አሠቃይቶ ለእናቱ ስልክ ያስደውላል። ቤተ ሰብ ቤቱን፣ መሬቱን፣ ግመሉን ይሸጣል፤ ዘመድ ሁሉ ያዋጣል። እንዲህ ሆኖ የአንድ ልጅ ምኞት የመላውን ቤት ጥሪት ያጠፋል።

ሞቱም የታወቀ ነው። የሞቃዲሾዪቱ ሯጭ ሳሚያ ዩሱፍ ዑመር በ2008 በቤይጂንግ ኦሎምፒክ በ200 ሜትር ሮጣ ከሁሉ በኋላ ስትገባ ተመልካቹ ተነሥቶ አጨበጨበላት። ለለንደን ኦሎምፒክ ለመዘጋጀት አሠልጣኝ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መጣች፤ ከዚያም በሱዳንና በሊቢያ አድርጋ ወደ አውሮፓ ለመሻገር ስትሞክር በ2012 ባሕር ውስጥ ሰጠመች። በሚያዝያ ወር 2016 ደግሞ ከግብፅ ጠረፍ የተነሣ ጀልባ ሰጥሞ ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ፤ ከነርሱም ውስጥ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ነበሩ። ወሬው በሐርጌሳ ተሰማ፤ ኀዘን ተቀመጡ። ጕዞው ግን አልቆመም። ይህ ሁለተኛው ትምህርት ነው፤ ልጆቹ አደጋውን ሳያውቁ አይሄዱም። እያወቁ ይሄዳሉ። ስለዚህ ማስፈራራት ብቻውን የሚያስቀር አይሆንም።

እንግዲህ በልቡ ውስጥ የሚሠራው ምንድን ነው? አስቀድሞ፣ እርካታ ማጣት ከመሄድ ምኞት ጋር በእርግጥ የተያያዘ መሆኑ ተመርምሮ ታውቋል። በመካከለኛው፣ በምሥራቅና በምዕራብ አውሮፓ በሚገኙ 27 አገሮች ላይ ተደርጎ በ2014 የታተመ ጥናት፣ በኑሮው ያልረካ ሰው ከረካው ይልቅ አገሩን ለመልቀቅ የሚያስብ መሆኑን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ያልረካው ሁልጊዜ ድኻው አይደለም። ካሮል ግራሃምና ጁሊያ ማርኮዊትዝ በ2011 ስለ ላቲን አሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ ለመሄድ የሚያስቡት ሰዎች ከሌላው ይልቅ የተሻለ ኑሮና ትምህርት ኖሮአቸው ሳለ በኑሮአቸው ያልረኩ ሆነው ተገኝተዋል። እነዚህ ከተራራው እኩሌታ ወጥተው መንገዱ የተዘጋባቸውን ይመስላሉ። ከሥር ያለው ሰው ጫፉን ላያስብ ይችላል፤ እኩሌታው ላይ የቆመው ግን ጫፉ እየታየው መቆም ይጨንቀዋል።

የሐርጌሳ ተመራቂ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ቤተ ሰቡ በብዙ ድካም አስተምሮታል። ዲፕሎማውን ይዞ ሲወጣ ሥራው ጥቂት ነው፤ ያለችውም ሥራ ብዙ ጊዜ በዘመድና በጎሣ የምትሰጥ መሆንዋን ያያል ወይም ያምናል። የአገሩ ፓስፖርት ኢትዮጵያን ከመሳሰሉ ጥቂት አገሮች በቀር አያስገባውም። ስለዚህ በመሰላሉ ላይ ለፊተኛው ጥያቄ «አምስት» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ የሚበላው አለ፣ የሚያድርበት አለ፣ ሰላም አለ። ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ፣ «ከአምስት ዓመት በኋላስ?» ሲባል ደግሞ ያው «አምስት» ይላል። የሚያስጨንቀው የዛሬው እርከን ዝቅተኛ መሆኑ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ያሉት እርከኖች የተነቀሉ መምሰላቸው ነው። ሰው ዝቅ ካለ እርከን ላይ ሆኖ ተስፋ ካለው ይታገሣል፤ ከፍ ካለ እርከን ላይ ሆኖ ተስፋ ከሌለው ግን ይነሣል።

ከዚህም ሌላ ማስተያየት አለ። ኦዴድ ስታርክና ኤድዋርድ ቴይለር ስለ ሜክሲኮ ገጠር ባደረጉት ምርምር፣ ለስደት ከሚገፋፉት ነገሮች አንዱ ቤተ ሰቡ በገንዘብ ልክ ማነሱ ሳይሆን ከገዛ መንደሩ ሰዎች ጋር ሲተያይ ማነሱ መሆኑን አመልክተዋል። ይህ ነገር በሐርጌሳ ጎልቶ ይታያል። በ1988 ከተሰደዱት ብዙዎቹ በእንግሊዝ፣ በስዊድን፣ በካናዳና በሌላም አገር ተቀመጡ። ከዚያ የሚልኩት ገንዘብ ከተማዪቱን መልሶ ከሠሩት ነገሮች ዋናው ነው፤ ቤት የሚሠራው፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፈለው፣ ሱቅ የሚከፈተው በብዛት በእርሱ ነው። በክረምት የዕረፍት ወራት ሲመጡም አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ሌላ አነጋገር ይዘው ይታያሉ። ለሰርግም ለሽምግልናም ሲፈለጉ፣ እዚያው የቀረው የዕድሜ እኩያቸው ከበሩ አጠገብ ይቆማል። ገንዘቡ ሆድን ያጠግባል፤ ማስተያየቱ ግን ልብን ያስርባል። አገሩን ያቆመው እጅ ያው ልጁን ወደ ውጭ የሚጠራው እጅ ሆነ ማለት ነው።

በአማርኛ «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የሚል ምሳሌ አለ። ምሳሌው የተነገረበት ዘመን ሰው አገርን የሚያውቀው በእግሩ ረግጦ ብቻ የነበረበት ዘመን ነው። የዛሬ ልጅ ግን ረግጦት የማያውቀውን አገር በእጁ በያዘው ስልክ ላይ ቀንና ሌሊት ያየዋል። የሚያየውም የደረሰውን ጓደኛውን ፎቶግራፍ እንጂ በሊቢያ በረሓ የቀረውን አይደለም፤ የሞተ ሰው ፎቶግራፍ አይልክምና። ስለዚህ ያላየውን ይናፍቃል። ሶማሌዎች ለዚህ ናፍቆት አንድ ቃል አላቸው፤ ቡፊስ ይሉታል። ሥሩ መንፋት፣ በአየር መሙላት ማለት ነው። ሲንዲ ሆርስት የተባሉት ተመራማሪ በኬንያ በዳዳብ ስለሚኖሩት ስደተኞች በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ቃል በሰፊው አስረድተዋል። ቡፊስ ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ የሚያድር ብርቱ ምኞት ነው፤ ምኞቱም ሳይፈጸም ሲቀር በሰውየው ላይ የሚወድቀው ሕመም ያው ቡፊስ ይባላል።

በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ትልቅ ዕውቀት አለ። ተመራማሪዎች «እርካታ ማጣት የመሄድን ምኞት ይወልዳል» ሲሉ ነገሩን ባንድ ወገን ብቻ ያዩታል። ቡፊስ ግን ሁለተኛውንም ወገን ያሳያል፤ ምኞቱም በተራው እርካታን ያጠፋል። ልቡ ሄዶ አካሉ የቀረ ልጅ በያዘው ሥራ አይደሰትም፤ ሚስት አያገባም፤ ቤት አይሠራም፤ ትምህርቱን በጥድፊያ ያልፋል። «ለጊዜው ነው» እያለ ዓመታት ያልፋሉ። ኑሮውም በእውነት እየከፋ ይሄዳል፤ እርሱም የከፋውን ኑሮ ለመሄድ እንደ ምክንያት ይቈጥረዋል። ዮርገን ካርሊንግ በ2002 ስለ ኬፕ ቬርዴ ሲጽፉ፣ የመሄድን ምኞትና የመሄድን ችሎታ ለያይተው ተመልክተዋል፤ ምኞቱ ኖሮአቸው ችሎታው የሌላቸው፣ ሳይወዱ የሚቀሩ ሰዎች ብዙ መሆናቸውንም አሳይተዋል። ጋሎፕ የተባለው ድርጅት ከ2015 እስከ 2017 በሰበሰበው መልስ መሠረት፣ ዕድል ቢያገኙ አገራቸውን ለቀው ለመኖር የሚወዱ ዐዋቂዎች ከ750 ሚሊዮን ይበልጡ ነበር። ከነርሱ በእውነት የሚሄዱት ጥቂቶች ናቸው። እንግዲህ መምህሩ ሊያስብለት የሚገባው የሄደውን ብቻ ሳይሆን፣ ከሄደው ይልቅ እጅግ የሚበዛውን፣ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሌለውን ልጅ ጭምር ነው።

ነገሩ የማስተያየት መሆኑን ቶጎ ውጫሌ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ከመጽሐፍ ይልቅ አብልጦ ይረዳዋል። ከሐርጌሳ የሚመጣው ወጣት ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ ወደ ሱዳን ሊያቀና ሲሄድ፣ ከኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍል የመጣው ወጣት ደግሞ ሥራ ፍለጋ ወደ ሐርጌሳ ይሻገራል። በሐርጌሳ ግንብ የሚገነቡ፣ ምግብ የሚያበስሉ፣ በሰው ቤት የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። አንዱ እንደ እስር ቤት የሚያየውን ከተማ ሌላው የተስፋ ከተማ አድርጎ ይገባበታል። ከተማዪቱ ለሁለቱም አንዲት ናት፤ የምትለያየው በሚያስተያዩዋት ነገር ነው። ለኢትዮጵያ መምህራንም ነገሩ የጎረቤት ብቻ እንዳይመስላቸው፣ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተባርረው መመለሳቸውን፣ ከተመለሱትም ውስጥ እንደ ገና መንገድ የጀመሩ መኖራቸውን ማስታወስ ይበቃል።

እዚህ ላይ በሐቅ ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። «የሄደ ሁሉ ይጐዳል» ማለት ሐሰት ነው፤ ተማሪም ሐሰቱን ቶሎ ያውቀዋል። በ2018 የወጣው የዓለም የደስታ ዘገባ ዋና ነገሩን ስደት አድርጎ፣ በየአገሩ ያሉ መጤዎች ኑሮአቸውን የሚያስቀምጡበት እርከን የአገሩ ተወላጆች ከሚያስቀምጡበት ጋር ብዙውን ጊዜ እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ደኅና አገር የደረሰና ሕጋዊ ወረቀት ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ነገር ግን ሌላም ምስክር አለ። ከቶንጋ ደሴቶች ወደ ኒው ዚላንድ በዕጣ የሚሄዱትን ሰዎች ዕጣው ካልወጣላቸው ጋር ያስተያየ፣ በ2015 የታተመ ጥናት፣ የሄዱት ሰዎች ገቢያቸው እጅግ ከፍ ብሎ የአእምሮ ጤንነታቸውም ተሻሽሎ ሳለ፣ ስለ ደስታቸው ሲጠየቁ ግን ከቀድሞው ያነሰ ሆኖ መገኘቱን ገልጧል። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ሰውየው ሲሄድ መሰላሉን ይለውጣል። በአገሩ ሳለ ራሱን ከመንደሩ ሰዎች ጋር ያስተያይ የነበረው፣ እዚያ ሲደርስ ከኒው ዚላንድ ሰዎች ጋር ያስተያያል። ገንዘቡ ጨምሮ እርከኑ ዝቅ ይላል።

ከዚህ ሁሉ ለትምህርት ቤት የሚተርፈው ምንድን ነው? አስቀድሞ፣ ትምህርት ራሱ ምኞትን የሚያሳድግ መሆኑን ሳያፍሩ ማመን ይገባል። መምህር የዓለምን ካርታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሥል ለልጁ መስኮት ይከፍትለታል። መስኮት ከፍቶ በር አለመክፈት ግን የሚያስጨንቅ ነገር ነው። ምኞትን ለመቀነስ ትምህርትን መቀነስ አይቻልም፤ አይገባምም። የሚቻለው፣ በልጁ ዐይን ፊት ያለው መሰላል እርከን እንዲኖረው ማድረግ ነው። እርከኑም በምክር ቃል አይሠራም፤ በሚታይ ነገር ይሠራል።

በሐርጌሳ አካባቢ ለዚህ አንዳንድ ምሳሌ ይገኛል። በ2009 የተከፈተው የአባርሶ አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን በብርቱ ፈተናና ሥራ አዘጋጅቶ፣ በሕጋዊ መንገድ በውጭ አገር ኮሌጆች የነጻ ትምህርት ዕድል እንዲያገኙ አድርጓል። ወደ አገራቸው ተመልሰው የሚሠሩም ከነርሱ መካከል አሉ። በ2017 ደግሞ መምህራትን የሚያሠለጥነው የባርዋቆ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገው የሐርጌሳ የመጻሕፍት ትርኢትም ወጣቱ በገዛ ቋንቋው ሲናገርና ሲከበር የሚታይበት ቦታ ነው። እነዚህ ሥራዎች ስደትን አላስቀሩትም፤ ይህን ያህል ኀይልም የላቸውም። ነገር ግን አንድ ነገር አሳይተዋል፤ ልጅ የሚጠብቀው በር እንዳለ ሲያውቅ በሌሊት አጥር አይዘልም።

ሁለተኛው፣ የልብ ስደት ከአካል ስደት አስቀድሞ ስለሚታይ መምህሩ ሊያስተውለው ይችላል። ስም ሲጠራ «አቤት» እያለ ያለበት ቦታ ግን የሌለ ልጅ፣ ትጉህ ሆኖ ሳለ በድንገት ደብተሩን የጣለ ልጅ፣ «ከዚህ በኋላ ምን ይጠቅመኛል?» ማለት ያበዛ ልጅ ምልክት እየሰጠ ነው። በሐርጌሳ ብዙ ጊዜ ልጆቹ የሚሄዱት ተከታትለው ነው፤ አንዱ ከክፍሉ ሲጠፋ የጎረቤቱ ወንበርም ይናወጻል። እንዲህ ያለውን ልጅ ለብቻው ጠርቶ መስማት የክፍል ኀላፊው መምህር ሥራ ነው። መስማት ማለት ግን ስለ ባሕሩ አደጋ መስበክ አይደለም፤ አደጋውን ልጁ ያውቀዋልና። ሁለቱን የመሰላል ጥያቄዎች ጠይቆ፣ በተለይም ሁለተኛውን ጠይቆ፣ መልሱን ታግሦ ማዳመጥ ነው። ልጁ የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ፤ «በኋላ ትከፍላለህ» የሚለው ቃል ዕዳውን የሚጥለው በእናቱ ላይ መሆኑን፣ በሕግ የሚገኘው የነጻ ትምህርት ዕድልም መቼና እንዴት እንደሚጠየቅ ብዙ ጊዜ አያውቅም። ይህን ማስረዳት ከማስፈራራት ይልቅ ይጠቅማል።

ሦስተኛው፣ ክብር ከእንጀራ የተለየ ነገር ስላይደለ ትምህርት ቤቱ ክብርን ማደል አለበት። ለሰርግና ለሽምግልና ከውጭ የመጣው ብቻ በሚፈለግበት ከተማ፣ በአገሩ ቀርቶ ግንበኛ፣ ነርስ፣ መምህር የሆነው ሰው በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን ከፊት ሲቀመጥና በተማሪዎች ፊት ሲናገር መታየት ይኖርበታል። ተማሪ «መቅረት መውደቅ ነው» ብሎ የሚያስበው ቀርቶ የቆመ ሰው ስለማያይ ነው። የእጅ ሥራ የሚማረውም ልጅ ፈተና የወደቀ ተደርጎ እንዳይታይ ርእሰ መምህሩ አስቦ ሊያዝዝ ይገባል።

በመጨረሻም ስለ መምህሩ ስለ ራሱ ሳይነገር መቅረት የለበትም። መምህርም በመሰላሉ ላይ የቆመ ሰው ነው። ደመወዙ ቤቱን ያልደገፈለት፣ ስለ ሥራው ምስጋና የማይሰማ፣ ከአምስት ዓመት በኋላም በዚያው እርከን ላይ እንደሚቆም የሚያስብ መምህር በክፍሉ ውስጥ ስለ ተስፋ ቢናገር፣ ተማሪው ቃሉን ሳይሆን ፊቱን ያነብባል። በሐርጌሳም ሆነ በኢትዮጵያ መምህራን ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ወደ ሌላ ሥራ ወይም ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ የሚያዩት ተማሪዎቻቸው ናቸው። ስለዚህ ስለ ወጣቶች ስደት የሚጨነቅ የትምህርት ሹም ምርመራውን ከተማሪው ሳይሆን ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ቢጀምር መልካም ነው። የመምህሩ ደመወዝ በጊዜው መከፈሉ፣ ሹመትና ዕድገቱ በዘመድ ሳይሆን በሥራው መሆኑ፣ ቃሉ በስብሰባ ላይ መሰማቱ፣ እነዚህ ሁሉ ለተማሪው የተሰጡ ትምህርቶች ናቸው።

የሐርጌሳ አባቶች በቦምብ ተሰደው፣ በእግራቸው ተመልሰው፣ ፍርስራሽ ከተማ አቆሙ። ያን ያደረጉት ኑሮው ደኅና ስለ ነበረ አይደለም፤ የዚያን ጊዜ ከመሰላሉ እግር ሥር ነበሩ። ያደረጉት ነገ ከዛሬ ይሻላል ብለው ስላመኑ ነው። ልጆቻቸው ከአባቶቻቸው የበለጠ ዳቦ አላቸው፤ ያጡት ያን እምነት ነው። ዳቦን የሚሰጥ መንግሥትና ገበያ ነው፤ እምነቱን ግን በየቀኑ፣ በየክፍሉ፣ በአንድ አንድ ልጅ ፊት መልሶ የሚሠራ ሌላ ሠራተኛ ያስፈልገዋል። ያም ሠራተኛ ነገ ጧት ስም መጥሪያውን ይዞ ወደ ክፍሉ የሚገባው መምህር ነው።